«እኛ እያለን!»

«እኛ እያለን!» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሳትጠሩት ይመጣል፣ ሳይጠይቅ ያነሳል። ልቡ ደግ ነው፤ ችግሩ ጆሮ የለውም።

ትናንት ጠዋት ካዛንቺስ ፌርማታ ላይ አንዱ ገጠመን። ልጄ ሰላም በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው፤ ቀኑ አዲስ ሥራ የምትጀምርበት ነበር። እንደ ልማዴ ተሸክሜ ታክሲ ላስገባት ስል፣ «አባዬ፣ ዛሬ ማንም አይሸከመኝም» አለችኝ። ወዲያው የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ያለው አውቶቡስ መጣላችሁ! በደስታ መቆሚያ አጣሁ።

ሾፌሩ መወጣጫውን ሲዘረጋ፣ ከረባት ያሰረ አንድ ጎልማሳ እጅጌውን ሰብስቦ ከተፍ አለ።

«ያዝ! አንተ፣ በዚያ በኩል ያዝ!»

«ጋሼ፣ መወጣጫ አለው እኮ» አለች ሰላም።

«እኛ እያለን በብረት? ምን ሞተን!»

ሌሎች ሦስት ደጋጎች ተጨምረው ወንበሩን ከነልጄ አነሱት። አንዱ ወደ ላይ ይስባል፣ ሌላው ወደ ኋላ። መወጣጫው ባዶውን ተዘርግቶ ይጠብቃል። እስቲ ፍረዱ፤ ደግነት ፈቃድ ካልጠየቀ ከጉልበተኝነት በምን ይለያል?

«አውርዱኝ!» ብላ ጮኸች። ደንግጠው አወረዷት። ጎማዋን በገዛ እጇ እየገፋች ሽቅብ ወጣች! ሰው ምን ይለኛል ሳልል አጨበጨብኩ።

ጎልማሳው እያለከለከ በዚያው መወጣጫ ተከተላት፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ አዳለጠው። ሰላም ክንዱን ለቀም አደረገችው።

«አይዞዎት ጋሼ፣ እኛ እያለን!»