ግልባጭ ለሁሉም ክለቦች

እናንተዬ፣ ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ግልባጭ» ብሎ መጀመሪያ የጻፈው ሰው ማን ይሆን? እኔ አላውቅም። ባገኘው ግን አንድ የምለው ነበረኝ። አዲስ አበባ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የምደባ ክፍል ጸሐፊ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ፣ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ለሚመለከተውም፣ ለማይመለከተውም። የማይመለከተው ሰው እኮ ነው ቶሎ የሚያነበው።

ምደባ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ የተመረቀ መምህር ሥራ ፍለጋ አይዞርም። ዕጣ ይወጣል፣ ስሙ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ አሳይታ፣ አንዱ ጎዴ፣ አንዱ መተማ ይደርሰዋል። ከዚያ ልቅሶ ነው። ከልቅሶው በኋላ ማመልከቻ ነው። «ቆላ አይስማማኝም» የሚል የሐኪም ወረቀት፣ «እናቴን የምጦር እኔ ብቻ ነኝ» የሚል የቀበሌ ወረቀት፣ ሁሉም ሲጠፋ ደግሞ ትናንት የተፈረመ ጋብቻ። እኔ ከጠረጴዛው ወዲህ ሆኜ ስቀበል ስለኖርኩ የቱ እንደሚያልፍ፣ የቱ እንደሚወድቅ ገና ፖስታው ሳይከፈት አውቃለሁ። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እውቀት ሜልቦርን ላይ ምን ያደርጋል? ዳንደኖንግ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና በር ላይ ጎማ ስለጥፍ ለምውል ሰው ማን ማመልከቻ ያምጣልኝ? እንዲህ ሆኜ ስዝግ ነው፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማለቂያ ላይ፣ የጀማል ነገር የመጣው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማሪቢርኖንግ ሰፈር፣ ሾፒንግ ሴንተሩ ውስጥ እንሰበሰብ ነበር። ሂተሩ፣ ማሞቂያው፣ ነጻ ነው፤ አንድ ካፑቺኖ ይዞ ግማሽ ቀን መቀመጥ ይቻላል። ጋሼ መርሻ አሉ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፤ በወጣትነታቸው ምደባ አሳይታ ጥሏቸው ዘጠኝ ዓመት ላባቸውን የጠረጉ። የላክኋቸው እኔ አይደለሁም፤ ከኔ በፊት ነው። ይህን ስንቴ እንደነገርኳቸው! ታደለ አለ፤ ታክሲ ነጂ፤ ቤቱ ኬብል አስገብቶ የአሜሪካንን ቅርጫት ኳስ አንድም ሳያመልጠው የሚያይ። ከዚያ የደሴዋ እትዬ ዘሃራ አሉ። ጀማል የእህታቸው ልጅ ነው።

እስከ ስድስት ዓመቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ እናቱ አሜሪካ ወሰደችው። እዚያ ቁመቱ አልቆም ብሎ አደገ፣ አደገ፣ ኮሌጅ ገብቶ የቅርጫት ኳስ ኮከብ ሆነ። ታደለ በቴሌቪዥን ካየው ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ ቀረ። በዚያ ሰኔ ጀማል ኮሌጁን ይጨርሳል፤ ትልልቆቹ ክለቦች በየተራቸው ተጫዋች ይመርጣሉ። ማን ይወስደው ይሆን? ታደለ ቺካጎ ነው አለ። በሳምንቱ ቴክሳስ ነው አለ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱንም አላልኩም ብሎ ማለ። ጋሼ መርሻ ካርታ ይዘው መጡ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ አይደል?

አሠራሩን ታደለ ሲያስረዳን አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁት። ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ የከረመው ክለብ ነው አሉ ቀድሞ የሚመርጠው። የመጀመሪያዎቹን ተራዎች የሚለዩት ደግሞ በዕጣ ነው። ልጁስ? ልጁን የሚጠይቀው የለም፤ ስሙ ሲጠራ ሂድ ወደተባለበት ይሄዳል። ጋሼ መርሻ ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና «ይሄማ ምደባ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ጎበዙን ልጅ ማንም ወደማይፈልገው ቦታ መላክ፣ ዕጣው፣ የስም ዝርዝሩ! ከኛ ወስደውት ካልሆነ ከየት ያመጡታል?

እትዬ ዘሃራ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ብርድ አገር ቢደርሰውስ? አሉ። ለካ ጀማል በአራት ዓመቱ ሳንባ ምች ይዞት ነበር። እሳቸው ናቸው አዝለውት ዳገቱን ወጥተው ሆስፒታል ያደረሱት፤ እሳቸው ናቸው አልጋው ሥር መሬት ላይ ተኝተው ያስታመሙት። ከአብራካቸው የወጣ ልጅ የላቸውም። «እኔ ያንን ልጅ ከሞት እጅ ነው የቀማሁት» ሲሉ ድምፃቸው ተቆረጠ። ጋሼ መርሻ ግን ጣታቸውን ካርታው ላይ ሲያንፏቅቁ ሚኔሶታ ደርሰዋል። እዚህ ክረምት ላይ ሐይቁ በረዶ ሆኖ መኪና ይነዳበታል አሉ። ምናለ ዝም ቢሉ?

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ፣ ወደ ክፍሌ፣ ዞረ። ስንት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቀን!

በማግሥቱ ሺፍት አስቀይሬ ሥራ ጀመርኩ። በመጀመሪያ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ጥሩ ማመልከቻ ሁለት ነገር ይለምናል፣ አንዱን ከልክለው አንዱን እንዲሰጡ። አለቃ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ካልከለከለ አለቃ የሆነ አይመስለውማ። ስለዚህ ለክለቦቹ የበላይ ጽሕፈት ቤት፣ አንደኛ፣ ጀማል ሞቃት አገር እንዲመደብ፤ ሁለተኛ፣ ይህ ካልተቻለ ላሳደጉት አክስቱ ቅርብ የሆነ ቦታ እንዲሰጠው ብዬ ጻፍኩ። ታደለ፣ አክስቱ ያሉት ሜልቦርን፣ ምኑ ነው ቅርብ? አለኝ። ጋሼ መርሻ ካርታቸውን ገለጡና ካሊፎርኒያ ትቀርባለች፣ መሃል ላይ ያለው ባሕር ብቻ ነው አሉ።

ታደለ ሞቃቷ ማያሚ ውስጥ የአጎት ልጅ አለችኝ፣ ለወረቀቱ ብቻ እናጋባው ብሎም ነበር። እትዬ ዘሃራ ድግሱን ሳላይማ ወላሂ አይሆንም አሉ፤ ቀረ።

የሐኪም ማስረጃው አላስቸገረም። እትዬ ዘሃራ የደሴውን ካርድ በላስቲክ ጠቅልለው ሻንጣቸው ሥር አኑረውታል። «ሳንባ ምች ይዞት ተኝቷል፤ ድኗል» ይላል። እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። «ድኗል» የምትለዋን ግን ተውኳት፤ እሷ ማመልከቻ ታበላሻለች። በምትኳ «ብርድ ሲነካው ትንፋሹ ያጥራል» የምትል አስገባሁ። አያ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ማኅተምስ? ክብ ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን ያነበዋል? በእጃችን ያለው ማኅተም የእድራችን ብቻ ነው፤ ሊቀመንበሩ ጋሼ መርሻ ናቸው። በአማርኛ «እድር»፣ በእንግሊዝኛ «የቀብር ማኅበር» ይላል። አሥራ ሦስት ሰው ፈረመበት፣ ጋሼ መርሻ ትንፋሻቸውን እፍ ብለውበት አተሙት። ከዚያ እጄ፣ ይህች የለመደች እጄ፣ ግርጌ ላይ ወረደችና «ግልባጭ፦ ለሁሉም ክለቦች» ብላ ጻፈች። ታደለ አድራሻቸውን ከስፖርት መጽሔት ላይ ለቅሞ አመጣ። አንድም ክለብ አልቀረብንም።

የምርጫው ዕለት እነሱ ጋ ምሽት ነው፣ እኛ ጋ ረፋድ። እትዬ ዘሃራ ቤት ተሰብስበን ስልኩን ከበብነው። የመጀመሪያው ዙር አለቀ፤ እህታቸው ደውላ አልተጠራም አለች። ሁለተኛውም፣ የመጨረሻውም፣ አለቀ። አልተጠራም። ታደለ ተሳስተው ይሆናል፣ እንደገና ይጠሩ ይሆናል አለ። የሚጠራ የለም። እትዬ ዘሃራ የስልኩን እጀታ እንደያዙ «ልጄን የሚፈልገው ጠፋ?» አሉ። ሞቃት አገር ይላኩልኝ አሉ እንጂ ይተዉልኝ መቼ አሉ? ሳይደግስ አይጣላም አልኳቸው።

እውነትም ደግሶ ኖሯል። ከወር በኋላ እህታቸው ደወለች፤ ጀማልን አንድ ክለብ ወስዶታል፣ የሜልቦርን ክለብ! እዚሁ፣ በትራም ሃያ ደቂቃ! ታደለ ሜልቦርን ብሎ መተንበዩን የሚያስታውስ ሰው ካለ እጁን ያውጣ ብሎ ጮኸ፤ ማንም አላወጣም። እትዬ ዘሃራ መጀመሪያ አለቀሱ። ቀጥሎ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ። ለካ አንደኛውን ከልክለው ሁለተኛውን ሰጡን! ሞቃት አገር ቀረ፣ ቅርብ ቦታ ጸደቀ። አላልኳችሁም? ያን ሰሞን ስሜ ናኘ። ከዳንደኖንግ ድረስ የቤት ማመልከቻ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። እኔም አገጬን ደገፍ አድርጌ «እናያለን» ማለት ጀመርኩ።

ጀማል በነሐሴ፣ ነፋሱ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን ደረሰ። ሳሎኑን ሞላው። እትዬ ዘሃራ ሂተሩን እስከ ጥጉ ከፍተው ሁለት ጋቢ ደራርበውበታል፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ እግሮቹ ግን ውጭ ቀርተዋል። አማርኛው የስድስት ዓመት ልጅ አማርኛ ነው። «ጠገብኩ» ይላል፣ «እንቢ» ይላል፣ አለቀ። እሳቸው ያጎርሱታል፣ እሱ ሳቅ እያለ ይጎርሳል። አፌን ሞልቼ የምነግራችሁ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

በመሃል ወደ እኔ ዞረና በእንግሊዝኛ ያጫውተኝ ጀመር። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ! አንድ ክለብ፣ ሞቃት ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ያለ፣ በመጀመሪያው ዙር እንወስድሃለን ብሎት ነበር አለኝ። እትዬ ዘሃራ የሚመኙለት ዓይነት አገር። በመጨረሻው ሳምንት ግን ለክለቦቹ ሁሉ ከባሕር ማዶ አንድ ወረቀት ደረሳቸው፤ ለእሱ አላሳዩትም፣ በወሬ ነው የሰማው። ሳንባው ያለቀ ነው ይላል። ያተመበት ደግሞ የቀብር ማኅበር ነው። እሱ ቢምል፣ ሐኪሙ ቢምል፣ ጊዜው አልበቃም። «ምን ዓይነት ጠላት ነው» አለኝ፣ «ለሁሉም ግልባጭ የሚያደርግ?»

እንግሊዝኛ የሚሰሙትን ሰዎች ፈለግኋቸው። ጋሼ መርሻ ኮርኒሱን ያጠናሉ። ታደለ መኪናዬን ልይ ብሎ ወጣ።

እትዬ ዘሃራ ጉርሻ እንደያዙ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያሉ። ፊታቸው በርቷል። «ምን አለ? ክፍሌ፣ ምን አለ ልጄ?»

«ማመልከቻው ደርሷል ነው የሚለው» አልኩ።

እልልታቸው ከፎቅ ፎቅ ተሰማ። ጀማልም ነገሩ ባይገባውም ሳቀ፣ አክስቱን አቀፈ። እሳቸው በክንዱ ሥር ብቅ አሉና ዓይናቸውን እየጠረጉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ግልባጩም?»

«ግልባጩም፣ እትዬ።»