የታጠበው ፍግ

የጠጂቱ ፓፓያ እንዲያ የወፈረበት ምክንያት በነገሌ ቦረና ሁለት ዓይነት ሆኖ ይነገራል። የአንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት ሪፖርት «የንጹሕ ፍግ ንቅናቄያችን በአጎራባች ነዋሪዎች ላይ የፈጠረው መነቃቃት ውጤት ነው» ይላል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «የመሥሪያ ቤቱን እጣቢ ጠጥቶ ነው» ይላል። ሪፖርቱ ማኅተም ስላለበት እውነቱ በእሱ በኩል መሆኑ አያጠራጥርም።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ አምሀ ለግቢያቸው ማንጎ ከከብት ገበያው ፍግ አስመጡ። ከበላይ ጎብኚ ሊመጣ ነበር፤ ፍጉ ደግሞ ይሸታል። አርቆ አሳቢው ኃላፊ «ልማት ሊሸት አይገባም» ብለው እንዲታጠብ አዘዙ። ከተማው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ ሳለ የውኃው ቦቴ ቅድሚያ ለፍጉ ሰጠ።

ጠጂቱ ከአጥሩ በታች ባለች ጓሮዋ ፓፓያ አብቅላ፣ ሸጣ የምታድር ሴት ናት። ቡናማ ውኃ በቦዩ ወርዶ ጓሮዋን ሲያጥለቀልቅባት ባልዲ ይዞ በቆመው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ላይ በአጥሩ በኩል ጮኸችበት።

«አንተ ኩራ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ፍግ እያጠብኩ ነዋ፣ አዳዳ!» አላት፣ በኦሮምኛ አክስቴ ማለቱ ነው።

«ደግሞ እበት ይታጠባል እንዴ?»

«እስኪነጣ ተብያለሁ። ሳሙናም ተጠይቋል።»

ጠጂቱ እዚያው በዚያው አቤት አለች። መልስ ግን እንደ ወጉ አልመጣም። ጎብኚው ቀጠሮ ባራዘሙ ቁጥር አዲስ ፍግ እየመጣ ይታጠባል፤ እጣቢው ይወርዳል። ከስቶ የነበረው ፓፓያዋ ቀስ በቀስ ቅጠሉ ለምልሞ ጠቆረ፣ ፍሬው የልጅ ራስ አከለ፣ ነጋዴ ከፊልቱ ከተማ ድረስ ይመጣላት ጀመር። ከላይ ያለው ማንጎ በበኩሉ ንጽሕናውን እንደ ጠበቀ ደረቀ።

አንድ ቀን አቶ አምሀ ኮሚቴ አስከትለው ጓሮዋ ገቡ።

«ወይዘሮ ጠጂቱ፣ አቤቱታዎ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል!»

በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ አቤቱታ ሰሚ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አቶ አምሀ ቀጠሉ፦

«ከነገ ጀምሮ ቦዩ ይደፈናል። ለካሳም አንድ ጋሪ ንጹሕ ፍግ ተፈቅዶልዎታል።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ለምጄዋለሁ! ይቅርብኝ።»

«እድፍ አይለመድም! ካልፈለጉ ግን አቤቱታዎን መተውዎን በሕዝብ ፊት ይናገሩ። ይምረጡ።»

ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥሏል። ኩራ ባልዲውን እንዳንጠለጠለ ቀረ። ጠጂቱ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንደ ሹም ጉሮሮዋን ጠረገችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

«የተከበራችሁ ጌቶቼ! ንጽሕናው ለእናንተ ይገባል። እኔ እድፉን መርጫለሁ።»