አነጣጥሮ የሚያነሣው ካሜራ

ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ሊገዛ ሲነሣ የሚጠይቀው ነገር ይገርመኛል። ዋጋው ስንት ነው ይላል። ይበረክታል ወይ ይላል። ከሩቅ ያነሣል ወይ ይላል። ይጠይቅ፣ ደግ ነው። ግን «ስይዘው ምን እመስላለሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ። እኔ ይህችን አንዲት ጥያቄ ባለመጠየቄ ገሳይ አፋፍ ላይ ደረቴ ወንፊት ሊሆን ነበር።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ሥራ የፈታሁ ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ እርሻህን ያዝ ይሉኛል። እኔ ሞፈር ስጨብጥ እጄ ይዝላል፤ ከሰል ይዤ ግድግዳ ላይ የሰው መልክ ስሞነጫጭር ግን ምሳም አያምረኝ። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል አንድ ሰላቶ፣ ያው የጣሊያን ወታደር፣ ሳጥን የመሰለ ነገር ሆዱ ላይ ደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ውስጥ እያየ ፎቶግራፍ ሲያነሣ አየሁ። ገበያተኛው «ሰላቶው እጅ ነሣን!» እያለ በሳቅ ፈረሰ። አገር ወርሮ የመጣ ሰው ጤፍ ሻጭ ፊት ሲያጎነብስ ያየ ቢስቅ ይፈረድበታል? ከዚያን ቀን ወዲህ በእኛ አገር ካሜራ ማለት አጎንብሰው የሚያዩት ሳጥን ማለት ሆነ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

እኔ ግን ከሳቁ ይልቅ ሳጥኑን ሳስብ ሰነበትኩ። ጨውና አቡጀዴ የሚነግዱ ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ ደግ ሰው ነበሩ፤ ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ጣሊያኖች ሁለት ካሜራ ገዝተዋል ሲባል ሰማሁና ከሱቃቸው ተገኘሁ። አንዱ ያው ሳጥኑ ነው። መልክ የለው፣ ወዝ የለው። ሁለተኛው ግን! ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ ሲከፍቱት እንደ አንጥረኛ ወናፍ ተስቦ የሚወጣ፣ ዐይን ላይ ደግነው የሚያዩበት። ሐጂ «ልጄ፣ ሳጥኑን ውሰድ። ለጀማሪ አንገቱን ሰበር ቢያደርግ ነው የሚያምርበት» አሉኝ። ለሳጥኑ አንድ ገንቦ ማር ይበቃል፤ ለባለ ወናፉ ግን ጊደር ነው። እኔም ሐጂ አልሸጥ ያላቸውን ዕቃ ሊያሸክሙኝ ነው ብዬ ጠረጠርኳቸው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አባቴ ለጎጆ መውጫ የሰጡኝን ጊደር እየጎተትኩ ወስጄ ባለ ወናፉን አንጠልጥዬ ተመለስኩ።

ሰው ላይ ልለማመድ እንዳልል ፊልሙ ውድ ነው፤ ባዶውን ይዤ ጋፋት እወርድና ዛፍ ሳነጣጥር እውላለሁ። ዛፍ ደግሞ አይደነግጥ። እጄ ተፍታታ፣ ጥሩ ፎቶ አንሺ ሆንኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ጎረቤታችን እትዬ አትጠገብ ሆኑ። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ጓንጉል ዱር ቤቴ ብሎ አርበኛ ሆኗል። መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጓንጉል ስንቅ ሊቀበል ገሳይ አፋፍ ድረስ ሊወርድልኝ ነው፣ አብረኸኝ ሂድና መልኩን አስቀርልኝ አሉኝ። በአገራችን ሰው ርቆ ሲሞት ጠመንጃውና ልብሱ ተዘርግቶ ይለቀስለታል። «ጠመንጃው አብሮት ነው ያለ። ልብሱ በላዩ አልቋል። ቢሞትብኝ በምኑ ላይ ላልቅስ?» ሲሉ እንባዬ መጣ። ካሜራስ አያስፈራዎትም ወይ አልኳቸው። ገበያ ላይ ያንን ሰላቶ አይቼው የለ፣ አጎንብሶ ነው የሚያየው፣ ማንንም አልነካ አሉኝ። እኔ ምን ጭንቅላት አለኝና የኔው ሌላ ነው ልበል?

ካሜራውን ከቤቴ በጨርቅ ጠቅልዬ አመጣሁና በሶው አቁማዳ ውስጥ ቀበርነው። ኬላው ላይ አንድ ባንዳ አቁማዳውን ፈታና እጁን ሰደደ። በሶውን ዘግኖ ቃመ፣ ጨው ያንሰዋል ብሎ አሳለፈን። እትዬ አትጠገብ መንገዱን ሙሉ በካሜራው መትረፍ ከመደሰት ይልቅ በበሶው መነቀፍ ሲናደዱ ሄዱ።

አፋፉ ላይ ጓንጉል ከጓደኞቹ ጋር ይጠብቀናል። ጎፈሬው ትከሻው ደርሷል። እናቱን አገላብጦ ሳመ። ፎቶ እንደሚነሣ ሲነገረው እያፈረም እየሳቀም ምንሽሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጓደኞቹ ዳር ይዘው ያያሉ። እኔ ባለሙያው ፊት ለፊት ቆምኩ። ካሜራዬን አወጣሁ። ከፈትኩት። ያ ወናፍ ሲፈናጠር ምን የሚል ድምፅ እንዳለው ታውቃላችሁ? ቀጭ! ልክ ጠመንጃ ጥይት ሲጎርስ። ወደ ዐይኔ አነሣሁት። ግራ ዐይኔን ጨፈንኩ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጓንጉልን ግንባሩ ላይ አነጣጠርኩበት።

እግዚኦ! ጓደኞቹ ሁሉ መሬት ላይ ተዘረጉ፣ ቃታ በያቅጣጫው ተንቋቋ። እትዬ አትጠገብ «ልጄን!» ብለው ጮኹና ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ወጥረው መሐል ገቡ። ጣሊያን ሲያዩ ወደ ፊት ነው የሚሮጠው የተባለለት ጓንጉል ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ኩርምት አለ። በድንጋጤ ጣቴ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች። ወዲያው ጥይት በጆሮዬ ሥር እያፏጨ አለፈ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ በሚባልበት ዘመን ሰው ላይ ማነጣጠር! በደረቴ ተኝቼ «ፎቶ ነው! በማርያም፣ ፎቶ ነው!» እላለሁ።

ገና ጭሱ ሳይበርድ እትዬ አትጠገብ ጓል አንሥተው ጀርባዬን አሉኝ። «አጎንብሶ የሚያነሣውን ነው እንጂ ያልኩህ፣ ይህ ምንድን ነው? ከጣሊያን የተረፈ ልጄን አንተ ልትጨርስብኝ!» አንዱ አርበኛ ባንዳ ነው ብሎ ሊያስረኝ ቃጣው። ጓንጉል አስጣለኝ። እንደገና ላንሣህ ስለው ግን በጄ አላለም፤ ተኩሱም ተሰምቷልና በሶውን ተሸክመው ጫካ ገቡ። እናት የልጇን መልክ ሳታስቀር ቀረች።

ፊልሙን ሐጂ በሚያውቁት ሾፌር እጅ ጎንደር ልከው አሳጠቡልኝ። ሲመለስ ሐጂ ፊታቸው አመድ መስሏል። ፊልሙን ያጠበው ማን መሰለህ አሉኝ። ሰላቶ! ጎንደር ያ ሥራ የሰላቶ መሆኑን እሳቸውም አላወቁ፣ እኔም አልጠየቅኩ። ይህች የምትጮኽ ሴትዮ ማን ናት ብሎ ሾፌሩን ሲጠይቀው፣ ሾፌሩ ሐዘንተኛ ናት ብሎ አመለጠ። ፎቶውን አየሁት። እትዬ አትጠገብ ብቻ ናቸው፤ ዐይናቸው ፈጦ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ነጠላቸው እንደ ድንኳን ተወጥሮ። ከጓንጉል ጎፈሬ አንዲት ጠጉር አልወጣችም። ሙያዬ ቢሳካልኝ ኖሮ ያንን ጣሊያን ሁሉ የሚፈልገውን ሰው መልክ በገዛ እጄ ልኬለት ነበር! ሐጂ ሱቅ ውስጥ ጨው ላይ ቁጭ አልኩ።

ፎቶውን ለእትዬ አትጠገብ ስሰጣቸው አገላብጠው አዩና «ይቺ አሮጊት ማን ናት?» አሉኝ። ልጄስ የታለ አሉ። ከኋላዎ ነው አልኳቸው። ተክዘው ከሙዳያቸው ከተቱት። እኔም ባለ ወናፉን መልሼ ሳጥኑን ወሰድኩ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አይደል የሚባለው? ሐጂ ግን አልተረቱብኝም። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያች ሳጥን ለሰው ሁሉ እያጎነበስኩ እንጀራ በላሁ። ሰው ሲያጎነብሱለት ደስ ይለዋል፤ ፊቱ ይፈታል። ለጀማሪ ምክሬ ይኸው ነው።

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ እትዬ አትጠገብ ዐረፉ። ልጄ ቢሞትብኝ በምኑ ላይ ላልቅስ ያሉት ሴት፣ ልጃቸው በደህና ገብቶ እሳቸው ቀደሙት። ለቅሶው ላይ ያች ፎቶ ተሰቀለች። ያየ ሁሉ የራሱን ወሬ ሠራላት። ጣሊያን ሲተኩስ ነው አሉ። አልቃሿ ተቀበለቻቸው፦

«ጣሊያን አነጣጥሮ ቃታ የሳበ ለት፣
በነጠላ ጋርዳ ያተረፈች እናት።»

ሕዝቡ ደረቱን ይመታል። እኔ ጭንቅ ያዘኝ። የምን ጣሊያን? እኔ ነኝ እኮ! ቀስ ብዬ ወደ ጓንጉል ተጠጋሁና «ጋሼ፣ ኧረ ይህ ነገር ውሸት ነው፤ እትዬ የቆሙት ከኔ ካሜራ ፊት ነው» አልኩት በጆሮው።

ዐይኑን ከፎቶው ላይ አላነሣም። «እሷ መሐል ስትገባ ካሜራ መሆኑን ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«ኧረ አያውቁም ነበር» አልኩ።

«እንግዲያስ ዝም በልና አልቅስ» አለኝ።