መጋዘኔ ኮምቦልቻ፣ ሚስቴ ጂዳ

እናንተ ቤት በረኪና የት ነው የሚቀመጠው? አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ሰው ቤት በእንግድነት ስሄድ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሌላው እንግዳ ሶፋውን ያያል፣ መጋረጃውን ያያል። እኔ እጄን ልታጠብ ብዬ እገባና ጥግ ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አያለሁ። አንዳንዴም ባለቤቶቹ ሳያዩኝ አለያይቻቸው እወጣለሁ። ምን ላድርግ? እጅ የለመደው ነው።

ስሜ ሰይድ ይባላል። ቤቴ ደሴ ነው፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት በሠራተኛ ሰርቪስ ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ ደግሞ እወጣለሁ። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የኬሚካል መጋዘን ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ የተጣላውን ያስታርቃል አይደል? እኔ ገና ያልተጣላውን ቀድሜ አለያያለሁ። አሲዱ ለብቻው፣ በረኪናው ለብቻው። ፈሳሹ ከታች፣ ዱቄቱ ከላይ። እርጥበት ሲነካው የሚግለው ዱቄት ደግሞ ጣሪያው በማያፈስበት በኩል፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል። መስኮት ሁልጊዜ ክፍት ነው። ክብሪትና ስልክ በር ላይ ይቀራሉ፤ ትነቱ ብልጭታ የማይወድ ፈሳሽ አለና። ስልካችንን የሚይዝልን ዘበኛው ጋሽ ዳምጤ ነው።

ይህ ሥራ ወዳጅ አያፈራም። ከማንም በፊት ያኮረፈችኝ የሚስቴ እናት እማ ሀዋ ናት። ደሴ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። እማ ሀዋ አንድ ቀን ፋብሪካችን በር ላይ ሰማያዊ የላስቲክ በርሜሎች ተከምረው አየች። አለቀልኝ።

«አንተ ሰይድ፣ ያን ሁሉ በርሜል ታቅፈህ እየዋልክ እኛ በጀሪካን እንሰቃይ?» አለችኝ።

«እማ፣ መርዝ የነበረበት እኮ ነው።»

«በአመድ አድርጌ እፈትገዋለሁ።»

«በአመድ አይጠራም።»

«ወግድልኝ! የሰው ልብ እንኳ በዱዓ ይጠራል። የላስቲክ በርሜል አይጠራም ትለኛለህ?»

እኔም በማግስቱ ሥራ ስገባ ባዶዎቹን በርሜሎች ቂጣቸውን በሳሁ። ባዶ በርሜል ሳይበሳ ከግቢ ከወጣ አንዱ ቤት ውሃ ይጠራቀምበታል፣ ሌላው ቤት ጠላ ይጠመቅበታል። ሰፈሩ ግን «የምቀኛ ምቀኛ፣ ለራሱ ያልሆነውን በስቶ ይጥላል» ብሎ አማኝ። ይሁን። የታመመ ሰው ሲያማኝ ከምሰማ ጤነኛ ቢያማኝ ይሻለኛል።

የእማ ሀዋን ልጅ ዘይነባን ያገኘኋት እዚያው ሰርቪስ ላይ ነው። ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። ቁልቁለቱ ያጥወለውላት ስለነበር ሁልጊዜ መስኮት ዳር ትቀመጣለች፣ ሎሚ ታሸታለች። እኔ ሎሚ በኪሴ መያዝ ጀመርኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ኒካሕ አሰርን። ዛሬ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ይቀመጣል፣ ገና ከደሴ ሳንወጣ ያንኮራፋል። ሰውዬው ምንም አላደረገኝም። ግን ወላሂ ቂም ይዤበታለሁ።

መቼም የወሎን ነገር አልነግራችሁም። ቢስቲማ ያሉት የአክስቶቿ ልጆች አንድ በአንድ ዐረብ አገር ገቡ። እኛም የኪራይ ቤት መረረንና የራሳችን ጣሪያ ይኑረን ተባባልን። ዘይነባ ጂዳ ሄደች፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። እኔ ከእማ ሀዋ ጋር ቀረሁ።

ማታ ማታ በስልክ እናወራለን። «አፊያ ነሽ?» እላታለሁ። «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። «በላሽ?» እላታለሁ። «በላሁ» ትላለች። ከዚያ ወሬ ያልቅብኛል። «ናፈቅሽኝ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርስና ያሳፍረኛል። አባቴ እናቴን እንዲያ ሲላት ሰምቼ አላውቅም፣ ታዲያ ከማን ልማረው? ዝም እንዳልል ደግሞ ስልኩ ይዘጋል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ መጋዘኔን እተርክላታለሁ። የቱ ዱቄት እርጥበት እንደነካው፣ የቱ በርሜል እንዳበጠ፣ ማን ከማን ጎን ተቀምጦ አግኝቼ እንደተቆጣሁ። እሷ ትስቃለች። «የሰው ባል ናፈቅሽኝ ይላል። የኔ ባል ኮስቲክ ሶዳ አንጠባጠበ ይለኛል» ትላለች። ግን ትሰማኛለች። ስልኩን አትዘጋም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጋዘን ውስጥ የቀለም ካርቶኖች እያስደረደርኩ ነበር። ጋሽ ዳምጤ እየሮጠ መጣ። ጋሽ ዳምጤ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። መዝሙሩን በአፍንጫው እያንጎራጎረ በዝግታ የሚሄድ ሰው ነው እንጂ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

«ሰይድ! ስልክህ አላቆም ብሏል! የባለቤትህ ቁጥር ነው!»

ዘይነባ በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ወጥቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው።

«ሰይዶ... ዓይኔ... ትንፋሽ አጠረኝ...»

«የት ነሽ?»

«መታጠቢያ ቤት። እንግዳ ይመጣል ተባለና... በረኪናው እድፉን አላስለቅቅ ሲለኝ የሽንት ቤቱን አሲድ ጨመርኩበት... ቶሎ ይለቃል ብዬ።»

«በሩስ?»

«ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ዘጋሁት።»

ኮምቦልቻ ላይ ግድግዳ አሠርቼ የምለያያቸው ሁለቱ፣ ጂዳ ላይ አንድ ባልዲ ውስጥ ተገናኙ። በሩ ተዘግቷል። ውስጥ ያለችው ሚስቴ ናት።

«ባልዲውን ተይው! አትድፊው፣ ምንም አትጨምሪበት! ውጪ! አሁኑኑ!»

«ወለሉን ሳልጨርስ...»

«ወለሉ ገደል ይግባ! ውጪና በሩን ከኋላሽ ዝጊው!»

በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። «ወጥቻለሁ» አለች፣ «ግን ማዳም ገበያ ሄዳለች፣ የውጪውን በር ቆልፋብኛለች።» ሳሉ እንደገና ያዛት።

«ልብስ የምታሰጪበት ሰገነት አለ አላልሽኝም? ወደዚያ ውጪ። እየሄድሽ አታውሪ።»

ከዚያ የነጠላ ጫማዋን ድምፅ ሰማሁ። ደረጃ። ሳል። ደረጃ። ከዚያ ምንም። እኔ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እላለሁ። ጋሽ ዳምጤ አጠገቤ ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ይላል። የሁለታችንም ልመና አንዲት ስልክ ላይ ተደፍቶ ነበር። አሲድ ከበረኪና ስለያይ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው፣ ያን ጊዜ የእሱን ዱዓ ከእኔ ዱዓ መለየት አልቻልኩም።

ነፋስ ሰማሁ። የሩቅ አገር መኪና ጥሩምባም ሰማሁ።

«አየር አለ» አለች።

«አብሽሪ። ተቀመጪ። ፊትሽን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙሪ። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ውሃ አለ እዚያ?»

«ቧንቧ አለ።»

«ዓይንሽን እጠቢ። ቶሎ አትተይው፣ ደጋግመሽ እጠቢ።»

ውሃው ሲፈስ ሰማሁ። ሳሉ ራቅ ራቅ አለ። ለማዳም ደውላ በቶሎ እንድትመጣ ነገረቻትና መልሳ ወደ እኔ ደወለች። «ሰይዶ፣ አለህ?» አለችኝ። «አለሁ» አልኳት። ከዚያ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ ዘበኛ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «ናፈቅሽኝ» አልኳት።

ጋሽ ዳምጤ ዓይኑን ገልጦ ወደ ሌላ ዞረ። ከዘይነባ በኩል ሲቃ የሚመስል ድምፅ መጣ። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ለካ ሳቅና ሳል ተደባልቀውባት ነው።

«ይችን ለመስማት መታፈን ነበረብኝ?» አለች።

ማዳም ደንግጣ እየበረረች መጣች፣ ሐኪም ቤትም ወሰደቻት። ድምፅዋ ትንሽ ጊዜ ሻከረ እንጂ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን አልተኛሁም። «ያን ቤት መጋዘን እናደርገዋለን» አልኳት። በቪዲዮ እየደወለች የማዳምን የማጽጃ ዕቃ ክፍል ታሳየኛለች፣ እኔ ከደሴ ሆኜ አዛለሁ። አሲዱን እዚያ ወዲያ። በረኪናውን እዚህ፣ ፀሐይ በማይነካው። በውሃ ፕላስቲክ የተገለበጠውን ማጽጃ ወደ ጠርሙሱ አትመልሺው፣ ለማዳም ንገሪና በደንቡ ይወገድ። ለሕፃን እጅ ከፍ ይበል፣ ግን ከዓይንሽ በላይ አይሁን። ስሙ የተላጠውን ስም ጻፊበት።

እኔ ያዘዝኩት ይህን ብቻ ነው። ዘይነባ ግን ዘይነባ ናት። መድረሳ የተማረችው እጇ ውብ ነው። ስሙን ሁሉ በዐረብኛ እያጌጠች ጻፈችው። እያንዳንዱ ጎራ ውስጥ ያሉትን በቁመታቸው አሰለፈች። ለየመደርደሪያው የየራሱ ቀለም ጥብጣብ አሰረችለት። ሱቅ አስመሰለችው። ማዳም የአሲዱና የበረኪናው ጠብ ብዙም አልገባትም፤ ጥብጣቡ ግን ገባት። እህቶቿን እየጠራች አሳየች። ሴቶቹ ፎቶ ተነሱበት። እኔም ለጋሽ ዳምጤ ጉራዬን ነዛሁ፤ ጂዳ ላይ ቅርንጫፍ ከፈትኩ አልኩት።

የዘይነባ ኮንትራት የሚያልቀው ከአረፋ በፊት ነበር። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። እማ ሀዋ ፍራሹን ፀሐይ ላይ እያወጣች ታራግፋለች፣ ጎረቤት ባለፈ ቁጥር «ልጄ ልትመጣ ነው» ትላለች። ያልጠየቃትም ይነገረዋል። ከዚያ ዘይነባ ደወለች። ድምፅዋ ትንሽ ሆኗል።

«ማዳም አለቀሰችብኝ። እንዳንቺ ያለ ሰው ከየት አገኛለሁ፣ የምትተካሽ መጥታ ያንቺን እጅ እስክትለምድ አትሂጂብኝ አለች። ምን ልበላት?»

ምን ትበላት? እምቢ እንዳትል ፓስፖርቱም ትኬቱም በማዳም እጅ ነው። ሙያ በልብ ነው ይሉ የነበሩት አባቶች ለካ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው ነው። ሚስቴን በእውቀት አተረፍኳት፣ በዚያው እውቀት አስቀረኋት። አረፋን እማ ሀዋና እኔ ፊት ለፊት ተቀምጠን በላን። እንኳን አደረሳችሁ ሊል የመጣው ጋሽ ዳምጤ ለስላሳውን ይዞ ከሁለታችን ማንን እንደሚያጽናና ግራ ገብቶት ነበር።

አሁን ተተኪዋ መጥታለች። ከድጃ ትባላለች፣ የቦሩ ሜዳ ልጅ ናት። ማታ ማታ ዘይነባ ስልኩን ትደግፍላታለች፣ እኔ አስተምራለሁ። እንደኔ የተማሪውን ማለፍ የናፈቀ አስተማሪ አገሩ ላይ ያለ አይመስለኝም። ደግነቱ ልጅቱ ፈጣን ናት። አንድ ማታ ከቤት ማን እንደቀረ ጠየቅኳት። «እናቴ» አለች። አንገቷን ደፍታም፣ «ድንች የሚያርስም አንድ ሰው አለ» አለች።

እና ሁሉንም አስተማርኳት። ምን ከምን እንደማይጎራበት፣ ምን እንደማይቀላቀል፣ ቢቀላቀል በየት እንደሚወጣ። ይህን ደብቆ ማስተማር ሐራም ነው። የጥብጣቡ ተራ ሲደርስ ግን ዘይነባን «ይሄን ተይው» አልኳት።

«ማዳም እንዳንቺ ለምን አታሳምርም ብትለኝስ?»

«እጇ ቆንጆ አይደለም፣ ግን ታማኝ ናት በያት።»

ማዳም መደርደሪያውን አየችው። ጠርሙሶቹ ተራርቀዋል፣ አያፈሱም፣ ማንንም አይጎዱም። ቅር አላት፣ ግን ምንም እንከን አላገኘችበትምና የዘይነባን ትኬት ለመቁረጥ እሺ አለች። ከድጃም ኮንትራቷ ባለቀ ቀን ማንም «አትሂጂብኝ» ብሎ አያለቅስባትም። ያ የቦሩ ሜዳ ድንች አራሽ አያውቀኝም፤ ቢያውቀኝ ኖሮ በግ ያርድልኝ ነበር።