የእሁድ መረብ

ሰው ወዶ የሚያደርገውን ደግ ነገር ዝም ብሎ ማየት የማይችል ሰው በየሰፈሩ አለ። ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ጸሎቱን የማያስታጉል፣ ከለቅሶ የማይቀር፣ ከእኔና ከእናንተ የሚሻል ሰው ነው። ግን ደግነት በሰው ፈቃድ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። ነገ ቢተዉትስ? ስለዚህ ደንብ ይውጣለት፣ ማኅተም ይመታበት፣ የጣሰው ይቀጣ ይላል። በእናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም፤ ካጣችሁት መስታወት እዩ።

የእኛው አቶ ተሾመ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ውጫሌ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ቀያቸው ወደ ሐይቅ ተመለሱ። ጡረታ የወጣው ሰውነታቸው እንጂ ደንብ የማርቀቅ አመላቸው አልነበረም።

ከሱቄ በታች፣ ታንኳ በሚቆምበት ዳርቻ፣ መኮንንና ሰይድ የሚባሉ ዓሣ አጥማጆች አሉ። መኮንን ክርስቲያን፣ ሰይድ ሙስሊም ነው፤ ይህን የምነግራችሁ ለወጉ ስለሚያስፈልግ እንጂ እኛ ዘንድ ሰው ሲያስተዋውቁ የሚጀመረው ከዚህ ሆኖ አይደለም። ሁለቱም ማታ መረብ ይጥላሉ፣ ጎሕ ሲቀድ ያወጣሉ። ቅዳሜ ማታ የተጣለው የመኮንን መረብ ግን እሁድ የሚወጣው በሰይድ እጅ ነበር። መኮንን ቅዳሴ ላይ ነዋ! ሰይድ የራሱን ሲጨርስ ወደ ጓደኛው መረብ ይቀዝፋል፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ይስባል፣ ዓሣውን በእርጥብ ደንገል ሸፍኖ ጥላ ሥር ያስቀምጥለታል። መኮንን በፈንታው አርብ ሰይድ ለጁምዓ ሲሄድ ዓሣውን ይሸጥለታል፤ ረመዳን ላይ ጾሙ ሲጠናበት ይቀዝፍለታል። አባቶቻቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። አንዱ ሌላውን «አደራ» ሲል እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

አቶ ተሾመ ይህን አዩ። «መኮንን ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፣ መረቡ ግን ሥራ ላይ ነው። ይኼ እግዜርን ማታለል ነው» አሉኝ ሱቄ ደጃፍ ላይ።

«ታዲያ ለመረቡ የንስሐ አባት ይያዝለት?» አልኋቸው።

አልሳቁም። «ሌብነትን ሕግ የሚከለክለው እኮ መጀመሪያ ፈጣሪ ስለከለከለው ነው። ሰንበትን ምን ለየው?» አሉኝ። መልሱ የመጣልኝ ከሄዱ በኋላ ነው፤ መልስ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ እንዲያ ነው። ሚሊሻ ቆሞ የሚጠብቀው ጾም ከረሃብ በምን ይለያል ልላቸው ነበር።

እሁድና በታላላቅ የክርስትና በዓላት ታንኳ ሐይቁ ላይ እንዳይወጣ፣ የወጣም እንዲያዝ የሚል ደንብ አርቅቀው ቀበሌ ገቡ። ስብሰባ ተጠራ።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ጠባይ ማወቅ አለባችሁ። ወሎዬ የጎረቤቱን ሃይማኖት የሚነካ ቃል ከሚናገር ምላሱን ቢነክስ ይመርጣል። ክርስቲያኖቹ አጥማጆች ደንቡን አልወደዱትም፤ ግን ቄሱ ፊት ተነሥቶ ሰንበት አይከበር የሚል ማን ነው? ሙስሊሞቹም አልወደዱትም፤ ሸህ ይማም ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና «በናንተ ዲን እኛ ምን አገባን? እናንተን ደስ ካላችሁ ለኛም ኸይር ነው» ብለው ተቀመጡ። ክርስቲያኖቹ ሸሁ ከተስማሙማ ብለው እጅ አወጡ። ሙስሊሞቹ የክርስቲያኖቹን እጅ አይተው አወጡ። ቄሱ ሳይቀሩ፣ ኋላ እንደ ነገሩኝ፣ ሕዝቡ ከፈለገ ብለው ነው ያወጡት። ማንም ያልፈለገው ደንብ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከዚያ ወዲያ የቅዳሜው መረብ ሰኞ ይወጣ ጀመር፤ ዓሣውም ግማሹ ተበላሽቶ። ይሁን ተባለ።

አንድ እሁድ ግን፣ ሰው ቅዳሴ ላይ እያለ፣ ኃይለኛ ንፋስ ተነሣ። ሰይድ ዳርቻው ላይ ቆሞ የመኮንን መረብ ከታሰረበት ተነቅሎ ሲሄድ አየ። መረቡ የመኮንን ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ሌላ የለውም። ሰይድ ደንቡን አላሰበውም፣ ታንኳውን ገፍቶ ገባ። በስንት መከራ መረቡን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ውሃ ሆኖ ሲወጣ ሚሊሻዎቹ ቆመው ጠበቁት። ታንኳው ተያዘ።

ቀበሌ ሄድን። መኮንንም ከቅዳሴ በቀጥታ ተጠርቶ መጣ። ሊቀመንበሩ «መረብህን እንዲያወጣ ልከኸዋል?» ብለው ጠየቁት።

አዎ ቢል ሰንበት ሻሪ ሊባል ነው፤ አቶ ተሾመ ከጎኑ፣ የሰንበቴ ማኅበርተኞቹ ከኋላው ቆመዋል። አይ ቢል ሰይድ የሰው መረብ ያለ ፈቃድ የነካ ሊሆን ነው። መኮንን ነጠላውን አስተካከለ። እንደገና አስተካከለ።

«አልላክሁትም» አለ።

እውነቱን እኮ ነው! ልኮት አያውቅም። በዕድሜዬ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ እውነት ያሳዘነኝ ግን የለም። ሰይድ ቀና ብሎ አየውና «እውነቱን ነው፣ አልላከኝም» አለ። እርጥቡን መረብ ከትከሻው አውርዶ መኮንን እግር ሥር አስቀመጠና ወጣ።

ያኔ ሁላችንም ደነገጥን። ቄሱና ሸህ ይማም ተያይዘው ቀበሌ ተመላለሱ፤ ታንኳው ተመለሰ፣ ደንቡም ተሻረ። በሙሉ ድምፅ ነው፤ እጅ ለማውጣት ሰንፈን አናውቅም። ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

አላበቃም። መኮንን ሰይድን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ አርብ መጥቶ ዓሣህን ልሽጥልህ ለማለት አፈረ። ሰይድም ያለ ፈቃድ ነካ እንዳይባል መረቡን ፈራው። ፈቃድ እንዳይጠይቅ ደግሞ፣ አባቶቻቸው ጠይቀውት የማያውቁትን ነገር በምን አፍ ይጠይቀው?

ባለፈው እሁድ ሱቄን ልከፍት ስወርድ ቅዳሴ ተገብቷል። ሐይቁ ላይ አንድ ታንኳ ብቻ ነበር። መኮንን ነው፣ መረቡን ራሱ እየሳበ። አቶ ተሾመ አርፍደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ አዩት።

«ይኸውልህ!» አሉኝ በጣታቸው እያሳዩኝ። «ደንቡ ባይሻር ኖሮ ይኼ ሰው አሁን ቅዳሴ ላይ ነበር።»

መጀመሪያውኑ ደንቡ ባይወጣ ኖሮ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥሁት። ወደ ዳርቻው ወረድሁ። ሰይድ የራሱን ማልዶ አውጥቶ ጨርሷል፤ ዓሣው ደንገል ለብሶ ጥላ ሥር ተቀምጧል። እሱ ግን ግማሽ ጎኑ ውሃ ውስጥ ባለው ታንኳው ላይ፣ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቁጭ ብሏል።

«ሰይዶ፣ ዓሣህን ሳትሸጥ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልሁት።

ዓይኑን ከሐይቁ አልነቀለም።

«አብሽር፣ ምንም አይደል» አለኝ። «ምናልባት ንፋስ ቢነሣ ብዬ ነው።»