የእህቴ ዐይንና የህንድ መንግሥት

ባለ ጉዳይ በአቀማመጡ ይታወቃል። ጉዳይ የሌለው ሰው ወንበሩን ሞልቶ ይቀመጣል፤ ጉዳይ ያለው ግን ጫፉ ላይ ነው፤ ለመነሣት የቀረበ፣ ለመሳቅ የተዘጋጀ። የቤቱ ጌታ ሲያስነጥስ «ይማርዎት» ለማለት ይሽቀዳደማል። ቀልድ ሲጀመርለት ሳያልቅ ይስቃል። ጉዳዩን ግን አይናገርም። ከተናገረማ ለማኝ ሆነ! ደጅ ጠኚና ለማኝ አንድ አይደሉም። ለማኝ እጁን ይዘረጋል፤ ደጅ ጠኚ ግን እጁን አጣምሮ፣ የቤቱ ጌታ ራሱ «አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?» እስኪለው ድረስ ይቆማል።

አባቴ የተነጠቀውን መሬት ያስመለሰው በዚህ ጥበብ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከምስለኔው ደጅ በቅሎ ሲያስር፣ አጥር ሲጠግን ከረመ። መስከረም ሲጠባ ምስለኔው አየውና «ምን ሆነህ ነው?» አለው። አለቀ። እኔ ከአባቴ የወረስኩት መሬቱን አይደለም፤ እሱን ኋላ ሌላ መንግሥት መጥቶ ወሰደው። የወረስኩት አቋቋሙን ነው። ችግሩ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ይህን አቋቋም አይቶ የሚያነብ ምስለኔ አለመኖሩ ነው።

እኔ ገበሬ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እኔም ተመልሼ አልቀሰቀስኩትም። ከመርሐቤቴ ወጥቼ በሱዳን በኩል እዚህ ከገባሁ በኋላ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዚንድሊንገን ከሚገኝ ፋብሪካ ጆንያ ተሸክሜያለሁ። የምኖረው ቦናመስ የሚባል ሰፈር ነው፣ ፎቅ ላይ። ገበሬን ፎቅ ላይ ማኖር በሬን ሰገነት ላይ እንደ ማሰር ነው። ስለዚህ ከኒዳ ወንዝ አጠገብ አንዲት ጋርተን ተከራየሁ። ጋርተን የሚሏት በአጥር የተከበበች የጓሮ ቁራጭ ናት። አገር ቤት ጥጃ ብታስርባት ጥጃው ይታዘብሃል። ሕጓ ግን የአንድ አውራጃ ሕግ ያህላል፦ አጥሩ ከዚህ አይርዘም፣ እሑድ መዶሻ አይሰማ። እዚያ ድንችና ጎመን እዘራለሁ። አልናገርም። ልጄ ሰላም «አባዬ፣ በቀን ስንት ቃል ነው የተፈቀደልህ?» ትለኛለች። «ዝም አይነቅዝም» እላታለሁ። ለዚያ ቀን እሱ ይበቃል።

ከአጥሬ ማዶ ሄር ናይር አሉ፤ «ሄር» እዚህ «አቶ» ማለት ነው። ህንዳዊ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር። ባለቤታቸው ዐርፈዋል፤ ልጆቻቸው ሩቅ ከተማ ናቸው። ጋርተናቸው ውስጥ ከአረም በቀር የሚበቅል ነገር የለም፤ እጃቸው ስልክ ይዞ ነው የሚውለው። ከስልኩ የአገራቸውን ዜና ያነባሉ፤ ያነበቡትን በጀርመንኛ አድርገው ለሰሚ ያወራሉ። ሰሚው እኔ ነኝ። የእሳቸው ጀርመንኛ የኢንጂነር ነው፣ የኔ የጆንያ ተሸካሚ፤ ሆኖም እሳቸው ስለሚያወሩና እኔ ስለማላወራ እንግባባለን። አልፎ አልፎ «ገናው» እላለሁ፣ «ልክ ነው» እንደ ማለት። በዚህች በአንዲት ቃል ሰው ጀርመን አገር ጡረታ ድረስ መዝለቅ ይችላል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ታናሽ እህቴ የሺ መርሐቤቴ ናት። ስኳር አለባት፤ ስኳሩ ደግሞ ዐይን ይወዳል። አንዱ ዐይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ባለፈው የካቲት ሁለተኛውን ጉም ያዘው። አዲስ አበባ የመረመራት ሐኪም፣ ከዐይኗ ጀርባ ያለው ስስ ነገር እየተላቀቀ ነው፣ ይህን የሚሠራ ሰው አሁን እኛ ጋ የለም፣ ህንድ ውሰዷት፣ ግን አትዘግዩ አለ።

ህንድ ውሰዷት! ድሮ «ጠበል ውሰዷት» ነበር የሚባለው። ጠበሉ እንኳ ቪዛ አይጠይቅም። ሰላም ለአንድ የህንድ ሆስፒታል ጻፈች፤ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያለን ለከርሞ ነው ብለው መለሱላት። በዚያው ሰሞን ሄር ናይር ስለ አገራቸው ሕክምና እያወሩ፣ የእህታቸው ልጅ ስመ ጥር የዐይን ሐኪም መሆኑን ጣል አደረጉ። የተላቀቀ ዐይን መልሶ ይለጥፋል አሉ። ልቤ ዘለለ። እጄ ግን መኮትኮቱን አልተወም።

ማታ ለሰላም ስነግራት ከወንበሯ ብድግ አለች። ታዲያ ለምን አልጠየቅኸውም፣ ነገ ጠዋት ጠይቀው አለችኝ፤ በጀርመንኛ። በጀርመንኛ ሁሉም ነገር ነገ ጠዋት ይሆናል። «ነውር ነው» አልኳት። ለሰውየው ምን ሠርቼላቸው ነው? እስኪ መጀመሪያ ደጅ ልጥና። ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ አታውቅምና አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ ይህ እኮ ቴርሚን ሳይዙ ወረፋ መጠበቅ ነው አለች። የተማረ ልጅ አባቱን እንዲህ ነው የሚናገረው።

ፋሲካ እንዳለፈ ጀመርኩ። በሄር ናይር በር ገብቼ አረማቸውን እነቅላለሁ፤ እሳቸው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያነቡልኛል። መንግሥታቸው ጨረቃ ላይ መንኮራኩር አሳርፏል፤ ሌላ አገር ባልረገጠው በደቡብ ጫፏ በኩል። እዚያ ውኃ ሳይኖር አይቀርም አሉኝ። «ማን ያርሰዋል?» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። እሳቸው ግን ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ አሰቡበት፤ በሳምንቱም ለጋርተን ማኅበሩ ሊቀ መንበር «ጎረቤቴ ሄር ወልዴ ፈላስፋ ነው» ብለው ነገሩልኝ። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ባለ ጉዳይ ነው ቢሉልኝ ኖሮ ምን ነበረበት?

ሌላ ቀን ስለ ሩዝ ሆነ፤ መንግሥት ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከልክሎ ኋላ እንደ ፈቀደ። ይኸኛው ገብቶኛል፤ እህል ላይ የማይፈርድ መንግሥት የትም የለም። ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ጤና መጡ። አገራችን ለሸመገለ ሰው ነፃ የሕክምና ካርድ ትሰጣለች፣ ዐይን እንኳ ሳይቀር ይታከምበታል አሉ። ዐይን! አረሙን ጣልኩ። ወገቤን አቀናሁ። አፌን ከፈትኩ። ከዚህ የተሻለ በር የት ይገኛል? እሳቸው ግን ጣታቸው ስልኩን ገፋ አድርጎት ሚሳይል ላይ ደርሰዋል። ሚሳይሉ ስንት አገር አልፎ መሄድ እንደሚችል ነገሩኝ። እኔ ማወቅ የፈለግሁት አንዲት ሴት ስንት አገር አልፋ መሄድ እንደምትችል ነበር። «ገናው» አልኩና ወደ አረሜ ተመለስኩ።

በዚያው ቀን ሐኪሞቻችንን ለአፍሪካ እንልካለን፣ ያክማሉ ያስተምራሉም ብለውኛል። እሱንም እንደ ጨረቃው ቆጥሬ አሳለፍኩት። ሰው አንዴ ጨረቃን ካነሣ በኋላ ያለውን ሁሉ ማን በጥሞና ይሰማዋል?

ቆይቶ ጭራሽ የባሰ ነገር መጣ። ህንድ ከጎረቤቷ ጋር ድንበር ላይ ተታኮሰች። የሰማዩ መንገድ ተዘጋ ተባለ። ሄር ናይር እህል አልቀምስ አሉ። ይኼኔ ሄዶ «የእህቴ ዐይን» ይባላል? ቤቱ የሚቃጠልበትን ሰው እሳት ጫርልኝ አይሉትም። ጎመን ቀቅዬ ወሰድኩላቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለሁለቱ መንግሥታት ዕርቅ የጸለየ የመርሐቤቴ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ማንም አላመሰገነኝም እንጂ። ተኩሱ ቆመ። እኔም ደስታቸውን ላለመረበሽ ጥቂት ታገሥኩ።

የሺ ስትደውል «ወንድም ጋሼ፣ ሰውየውን ጠየቅኸው?» ትለኛለች። «ልጠይቅ ነው፣ ተቃርቧል» እላታለሁ። «ሚስትህን ለመጠየቅም እንዲህ ተቃርቦ ሦስት ክረምት ፈጅቷል፤ እሷ ስለምታይ ጠበቀችህ» አለችኝ አንድ ቀን። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በሐምሌ ልጇን በፊቱ ሳይሆን በልብሱ ቀለም እንደምትለየው ነገረችኝ። በነሐሴ ቀለሙን አላነሣችውም።

ትጠይቁኝ ይሆናል፤ ምነው ታዲያ ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርክም? ጠዋት ጠዋት ልናገር ብዬ እወጣ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ግን አባቴ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ እጁን አጣምሮ። አረሙም አልቆ፣ ሄር ናይር መሬት ላይ ድንች ዘርቼላቸው፣ ድንቹም ደርሶ ቆፍሬላቸው ነበር። ከዚህ በኋላ የሚቀረው «ምን ሆነህ ነው?» መባል ብቻ ነው። አንድ ቀን ያልፋል፣ ሌላ ቀን ይመጣል፤ እሳቸው ስለ ፀሐይ ጀመሩ። ወደ ፀሐይም መንኮራኩር ልከዋል ለካ።

ቅጠል ሲረግፍ ማኅበሩ የጋርተኑን ውኃ ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ ዕቃውን ይሰበስባል። ያን ቀን ሰላም ልታግዘኝ መጣች። ሄር ናይርን ሰላም አለቻቸው፤ እጃቸውን ሳትለቅ፣ አክስቴ ዐይኗ እየጠፋ ነው፣ የእህትዎ ልጅ ሊያያት ይችላል ወይ አለች። ይኸው ነው። እኔ ከፋሲካ ጀምሮ የተሸከምኩትን እሷ አካፋ ለማንሣት በሚፈጀው ጊዜ አወረደችው።

ሄር ናይር ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ሄር ወልዴ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አሉ። «ለምን አልጠየቁኝም?» አልኳቸው። ወዲያው ደወሉ፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት። ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው። በሽተኛዋ የት አገር ናት አለ። ሰላም ኢትዮጵያ አለችው። ሐኪሙም፣ እኔ እኮ ከፋሲካቸው በኋላ ሄጄ እስከ መስቀል በዓላቸው አዲስ አበባ ስሠራ ነበር፣ ከተመለስኩ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነው አለ።

ሄር ናይር ቀስ ብለው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። የልጁን አዲስ አበባ መክረም ያውቁ ነበር፤ እኔን ግን ሱዳናዊ አድርገውኝ ኖረዋል። አንድ ጊዜ በሱዳን በኩል መጣሁ ብያቸው ነበር፤ ያለፍኩበትን መንገድ አገሬ አደረጉት። ከየት ነዎት ብለው አልጠየቁ፤ እኔም አልተናገርኩ። ከየሺ ደጅ አንድ አውቶቡስ የሚያደርስበት ሐኪም አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ እኔ ፍራንክፈርት ላይ የአጎቱን አረም እነቅላለሁ።

ሐኪሙ የምርመራውን ምስል እንድንልክለት ጠየቀ። ላክን። ጠዋት መለሰ። ክረምቱ ሳይወጣ አግኝቻት ቢሆን እሞክር ነበር፣ አሁን ግን የሚለጠፍ ነገር አልቀረም፣ ሴትዮዋን በመንገድ አታድክሟት አለ። አገራችን ላይ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ተረት አለ። ያወቅሁት ከልጅነቴ ነው። ግን ስለ ደጃዝማችነት እንጂ ስለ ዐይን መስሎ አልታየኝም።

ለየሺ የነገርኳት ራሴ ነኝ። ከሐኪሙ መልስ ይልቅ የሐኪሙ አዲስ አበባ መክረም ነው የገረማት። «ጎረቤትህስ ቢሆን አፍ የለውም? ወይስ እሱም እስክትጠይቀው እየጠበቀህ ነበር?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ያየሁት ይበቃኛል አለች። «አደራህን ግን፣ ዝም አትበለኝ። አሁን የማይህ በድምፅህ ነው። ዝም ስትል ትጠፋብኛለህ።»

እንግዲህ ፍረዱ፤ ይህ ለእኔ የሚሰጥ አደራ ነው? በየማታው እደውላለሁ። እንዴት ዋልሽ፣ ዘነበ ወይ፣ ላሚቷስ። አለቀ። ሌላ ወሬ አልተፈጠረብኝም። ስልኩ ዝም ሲል ትንፋሿ ይሰማኛል፤ እየፈለገችኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስተኛው ማታ ላይ የምሄድበት ጨነቀኝ። በማግስቱ ወደ ሄር ናይር ቤት ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው ዜና ማንበብ ትተው፣ አፍረው፣ ኩርምት ብለው ነው የሚውሉት። ወንበሩን ሞልቼ ተቀመጥኩ። «ሄር ናይር፣ ጨረቃዋስ እንዴት ናት?» አልኳቸው። ሰው ደጅ ሄጄ ከአፌ አውጥቼ የጠየቅሁት የመጀመሪያው ጉዳይ ይህ ሆነ። ዐይናቸው እንባ አቀረረ፤ ስልካቸውን አነሡ፤ እስኪመሽ ነገሩኝ።

ቀን ከእሳቸው የሰማሁትን ማታ ለየሺ አራግፋለሁ። የህንድን ጀልባ፣ የህንድን ክትባት፣ የህንድን ጄት። መርሐቤቴ ውስጥ ስለ ህንድ መከላከያ እንደ እህቴ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ሚሳይል ከቀድሞው በምን እንደሚበልጥ በማስረዳት ላይ ሳለሁ ከመካከል አቋረጠችኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ህንድ ዐይኔን ያድነዋል ሲሉኝ ነበር፤ ይኸው ጆሮዬን ሊጨርሰው ነው። እባክህን ለዛሬ ዝም በልልኝ» አለች።

ዝም አልኩ። ለካ ሰው በግልጽ ሲጠይቅ እንዲህ ፈጥኖ ይፈጸምለታል።