ማልታን ስንመርጥ ለራሴ ለቅሶ ደረስኩ

ሰው በቁሙ ለራሱ ለቅሶ ይደርሳል? እኔ ዛሬ ደረስኩ!

ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ አትሳቁ። እሺ ሳቁ። የከሚሴ ከተማ በሙሉ ስቆብኝ እናንተ ምን ትቀራላችሁ!

ከባሌ ከሰይድ ጋር ከተጋባን ስምንት ዓመታችን ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለታችን ብቻ የሄድንበት ሩቅ አገር ደሴ ነው። እሱም ጥርስ ለማስነቀል! የሱን ጥርስ።

እሱ እህል ነጋዴ ነው፣ እኔ ፋርማሲ እሠራለሁ። አንዳችን ስናርፍ አንዳችን አናርፍም።

ዘንድሮ ሚላን ያለው ወንድሜ "በቃ፣ ግብዣው ከኔ" አለን። "ዒድን ከቤተሰብ ጋር አሳልፉና ኑ። መጋቢት ላይ ሙቀቱም ቱሪስቱም አይበዛም። ደቡብ አውሮፓ ውስጥ ደስ ያላችሁን ምረጡ።"

ምረጡ! ምሳ ምን ይሠራ በሚለው እንኳን ተስማምተን የማናውቅ ሰዎች!

ሊስት አወጣን። ሲሲሊ፣ ማልታ፣ ቀርጤስ፣ ግራናዳ። ሰይድ ቀርጤስ አለ። ለምን? ቪዲዮ ላይ ፍየል አይቶ! "ፍየሎቹ የኛን ይመስላሉ" ይለኛል። አንተ ሰው፣ ፍየል ለማየት ከሆነ ጨፋ ሮቢት ገበያ በሚኒባስ አንደርስም?

እኔ ማልታ ነበርኩ። ቢጫ ድንጋይ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ እኔ መሐል ላይ። ካፕሽኑን ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር።

ለማንም አልነገርንም። አገሩን ታውቁታላችሁ፣ ያልሆነ ነገር ሲወራ ይሰናከላል። ዓይንም አለ። ደሞ ቪዛው ቢከለከልስ? "አውሮፓ ሄደች" የተባለችው ሴትዮ ፓራሲታሞል ስትሸጥላችሁ!

አማቴ እማ ዘይነባ ከኛ ግቢ የሚለዩት በአንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ በረንዳ ላይ ሆነን ወንድሜን በስፒከር አወራነው።

"ከሲሲሊ ማልታ በጀልባ ሁለት ሰዓት አይሞላም!" ይላል ወንድሜ።

"ባሕሩስ በመጋቢት ይናወጣል?" ይላል ሰይድ።

"ቀስ በል፣ ሰው እንዳይሰማ!" እላለሁ እኔ።

ሰው ሰምቷል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የሰይድ ታናሽ ወንድም ጀማል ከስድስት ዓመት በፊት "ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ወጥቶ በባሕር ሄደ። መጨረሻ የደወለው ከጅቡቲ ዳርቻ ነው። "ማዶው ቅርብ ነው አሉን፣ እማ። ስደርስ እደውላለሁ።"

በቃ። እማ እስከ ዛሬ ስልካቸውን አይዘጉም።

ይሄን እያወቅኩ ነው እንግዲህ አጥራቸው ሥር ስለ ጀልባ ያወራሁት። ጎበዝ ነኝ አይደል?

ዛሬ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቼ ስመለስ ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። የጎረቤት ፕላስቲክ ወንበር ሁሉ ተሰብስቧል። በዚህ በኩል ሽማግሌዎች ከነዱዓ ጫታቸው፣ በዚያ በኩል ሴቶቹ። እማ መሐል ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

እኛ ጋ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠየቃል። ቆሞ "ማን ሞተ?" የሚል ሰው ሆዱ አልባባም ተብሎ ይታማል።

ቦርሳዬን ጥዬ ጮህኩ! "ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!"

እማ እኔን ሲያዩ ባሰባቸው። እሳቸው ሲብስባቸው እኔም ባሰብኝ። ተቃቅፈን ተንሰቀሰቅን። አፍንጫዬን በሳቸው ሻሽ ጠረግኩ፣ ወላሂ።

ትንሽ ሲወጣልኝ አጠገቤ ያለችውን ጎረቤታችንን በሹክሹክታ ጠየቅኳት። "ማን ነው?"

"ኧረ ማንም አልሞተም! አንቺና ሰይድ ናችሁ እንጂ፣ በባሕር ልትጠፉ ነው ተብሎ!"

ያ ሁሉ እንባ ለኔ ነበር!

ሰይድን በዓይኔ ፈለግኩት። ጥግ ላይ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። እሱም ሳይጠይቅ አልቅሷል።

የሰፈራችን ሽማግሌ ሼኽ አወል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጆቼ፣ ምን ጎደላችሁ? ከሰው ተጣላችሁ? ሥራ አላችሁ፣ ቤት አላችሁ፣ ስደት ምን አመጣባችሁ?"

"ሽርሽር ነው፣ አባ! ለእረፍት ነው!"

አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው "ለሽርሽር… ጀልባ?" አሉ። እንደሱ ሲባል ለኔም ልክ አልመስል አለኝ።

"ሂን ዴምተን!" አሉ እማ በኦሮምኛ። "አትሄዱም! ፓስፖርታችሁንም አታገኙትም!"

ፓስፖርት? ሰኞ አዲስ አበባ የቪዛ ቀጠሮ አለን! ሰይድ ሮጦ ገባ። ሳጥኑ ባዶ።

ወንድሜ እስከ ሚላን የያዘልንን የትኬት ቡኪንግ ከስልኬ አሳየሁ። ሼኽ አወል መነጽራቸውን አድርገው የመመለሻውን ቀን ጮክ ብለው አነበቡ። ሁለቴ።

"መመለሻ አለው፣ ዘይነባ። የሚጠፋ ሰው መመለሻ አይቆርጥም።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ሰው ሁሉ። ከዚያ ለቅሶው ኮሚቴ ሆነ! "ማልታ ሐላል ሥጋ አለ?" "ይሄን ያህል ከራቃችሁ ዑምራ አይሻልም?" "ግሪክ ያለው የእህቴ ልጅ ማልታ ድንጋይ ብቻ ናት ብሎኛል።" የኔ ማልታ አንድ ድምፅ አላገኘችም።

እማ ግን ተነስተው ቤታቸው ገቡ። ተከተልኳቸው። የማሽላውን ጎታ ከፈቱ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱና ሁለቱን ፓስፖርቶች አወጡ። ማሽላውን አራግፈው ሰጡኝ።

"ሂዱ። ግን ባሕር የሌለበት።"

ከኋላዬ የመጣው ሰይድ "አውሮፕላኑ እኮ በባሕር ላይ…" ብሎ ሲጀምር እግሩን ረገጥኩት።

ስለዚህ ሊስቱ እንዲህ ሆነ። ሲሲሊ፣ ባሕር። ማልታ፣ ዙሪያዋን ባሕር። ቀርጤስም ያው። ግራናዳ ብቻ ቀረች። እሷም ጉግል ላይ ሳይ ባሕሩ በመኪና አንድ ሰዓት አይርቃትም። አልተነፈስኩም።

ትምህርት ካላችሁ፣ ከማልቀሳችሁ በፊት ጠይቁ! ሌላው፣ እኔ ከክፉ ዓይን የደበቅኩ መስሎኝ ነበር። የደበቅኩት ከእናት ነው።

ከቤታቸው ስወጣ እማ በር ላይ ያዝ አደረጉኝ። "ስትደርሱ ደውሉ። ቁጥሬ ያው ነው" አሉኝ። ቁጥራቸውን መች አጣሁትና! አንገቴን ደፍቼ "እሺ እማ" አልኩ።

እና ወገን፣ ደቡብ አውሮፓ ውስጥ ባሕር የማይታይበት ከተማ የምታውቁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። ውበቱ ይቅርብኝ። ኔትወርክ ብቻ ይኑረው።